ቆጣሪውን የሚያሮጠው ሙቀት ነው፦ ከምጣዱ ጀምሮ የመብራት ወጪ መቀነሻ መመሪያ

እናቴ ያለ ሥራ የበራ አምፖል ከሦስት ክፍል ማዶ ሆና ይታወቃታል። «አንቺ ልጅ፣ አጥፊው እንጂ! ለማን ነው የሚበራው?» ትላለች። ይህን የምትለው ወጥ ቤት ቆማ ነው። አጠገቧ ምጣዱ ባዶውን ግሎ ይጠብቃል። ሊጡ ገና አልቀጠነም፣ ሰፌዱ አልተገኘም፣ ስልኩ ላይ አክስቴ አለች።

አንድ ቀን ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁት። የኛ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ነው። ለአንድ ደቂቃ ባዶውን ሲግል የሚወስደው ኃይል፣ እናቴ «አጥፊው» የምትለኝን ባለ 9 ዋት አምፖል 6 ሰዓት ተኩል ያበራል። አክስቴ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ስልክ የምትዘጋ ሰው አይደለችም።

ያሳሳተን ቃሉ ይመስለኛል። እኛ ኤሌክትሪክን ሁሉ «መብራት» ነው የምንለው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ የመብራት ተከፈለ? እናም «መብራት ቆጥቡ» ስንባል እጃችን የሚሮጠው ወደ አምፖሉ ነው። በአዲስ አበባ ቤት ቆጣሪውን የሚያሮጠው ግን ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ነው፦ ምጣዱ፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያው፣ ስቶቩ፣ ካውያው። እኔም መመሪያዬን ከነሱ እጀምራለሁ።

«ግድቡ ተመርቆ የለ እንዴ፣ አሁንማ ምን ቸገረን?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ቀላል አይደለም። ግን ያው በ2017 መስከረም የተጀመረው አዲሱ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተደርጎ ለአራት ዓመት የወጣ ነው። ታሪፉ በደረጃ መሆኑንም አትርሱ። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት (ባለ አንድ ኪሎዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው) በታች የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዝቅተኛውን ነው። ከ500 በላይ የሚጠቀም ደግሞ ከፍተኛውን። ስለዚህ ፍጆታን መቀነስ ወደ ርካሹ ደረጃ መቅረብም ነው።

መጀመሪያ፦ ቆጣሪውን አናግሩት

ሳይለኩ መቆጠብ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው። ደግነቱ መለኪያው ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅሏል። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። አጠገቧ ስንት ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ ተጽፏል። 1600 ሊሆን ይችላል፣ 800 ወይም ሌላ ቁጥርም ሊሆን ይችላል። የእናንተን እዩ።

1. ፍሪጁንም ጨምሮ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ፤ መብራቱንም አጥፉ።
2. መለካት የምትፈልጉትን አንድ ዕቃ ብቻ አብሩ።
3. ሰዓት ይዛችሁ ለአንድ ደቂቃ ብልጭታውን ቁጠሩ።
4. ያገኛችሁትን በ60 አባዙና ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። ቆጣሪው 1600 የሚል ከሆነና 93 ጊዜ ብልጭ ካለ፣ ዕቃው ወደ 3.5 ኪሎዋት እየወሰደ ነው።

ቆጣሪያችሁ ክብ ሳህን የሚዞርበት የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ ዕቃውን አንድ ሰዓት አብርታችሁ የፊቱንና የኋላውን ቁጥር አስተያዩ። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁም ከመጋገራችሁ በፊትና በኋላ የቀረውን ሒሳብ ጻፉት።

ተራ ቁጥር 1 ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ሁሉም ነገር ተነቅሎ ቀዩዋ መብራት አሁንም ብልጭ ካለች፣ የሆነ ቦታ የማታውቁት ነገር እየበላ ነው። እኔ ቤት ብልጭ አለች። ሁለት ቀን ስንፈልግ ቆይተን የተገኘው የሕንፃው ደረጃ ላይ ያለ አምፖል ነው። መስመሩን የዘረጋው ሰው ከኔ ቆጣሪ ቀጥሎት ኖሯል። ስንት ዓመት ለጎረቤት ሁሉ ደረጃ ሳበራ እንደኖርኩ እግዜር ይወቀው። እናንተም ቤት ብልጭታው ካልቆመ ባለሙያ ጥሩ። ከሽቦ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ለሕይወት ያሰጋል።

ምጣዱ

እዚህ ላይ እንቆያለን፣ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ነውና።

ምጣድ ከቀዝቃዛው ተነስቶ እስኪግል 15፣ 17 ደቂቃ ይፈጃል። ያ ብቻውን ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ። ከዚያ ለአንድ እንጀራ የመጋገሪያውንና ምጣዱ ሙቀቱን የሚመልስበትን ጊዜ ጨምሮ 3 ደቂቃ ተኩል እንያዝ። አሥር እንጀራ የጋገረ ሰው ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሃያ የጋገረ ደግሞ ወደ 5። ለአንዱ እንጀራ ሲካፈል የመጀመሪያው 0.3፣ የሁለተኛው 0.25 ይመጣል። ዋናው ነገር ምጣዱን የምታግሉበትን ጊዜ ብዛት መቀነስ ነው። በሳምንት ሦስቴ አሥር አሥር ከመጋገር ሁለቴ አሥራ አምስት አሥራ አምስት። ከዚያ በላይ ላብዛው ካላችሁ ሻጋታው ይቀድማችኋል፤ የተበላሸ እንጀራ ደግሞ የባከነ ጤፍም የባከነ መብራትም ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያለን ሰዎች ሌላ መላ አለን። ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ በአንድ ምጣድ መጋገር ነው። እሷ ስትጨርስ እኔ ሊጤን ይዤ በሩ ላይ ነኝ። ምጣዱ እንደጋለ ስለሆነ የኔ 17 ደቂቃ ቀረ ማለት ነው። ሒሳቡን በወሩ መጨረሻ እንተሳሰባለን፣ ቡናው ግን በየጊዜው ነው።

የመጋገሩን ቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉት፦

1. ምጣዱን ከመሰካታችሁ በፊት ሊጡን አቅጥኑ። ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ የሊጥ መቅጃው፣ የእንጀራ ማስቀመጫው ሁሉ እጃችሁ ሥር ይሁን።
2. ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት። ቀልዴን አይደለም።
3. ምጣዱን አክንባሎውን ከድናችሁ አግሉት። ብዙ ሰው ክፍቱን ያግለዋል፤ ሙቀቱ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል።
4. ሲግል ለማወቅ ጥቂት የሊጥ ጠብታ ሞክሩ። «ትንሽ ይቆይ» እያሉ መጠበቅ ልማድ ነው እንጂ ጥቅም የለውም፤ ከመጠን በላይ የጋለ ምጣድ እንጀራውን ያሳርራል፣ ዓይኑንም ያበላሸዋል።
5. አንዱ እንደወጣ ምጣዱን አስሳችሁ ወዲያው ቀጣዩን አስፉ።
6. ሁለት እንጀራ ሲቀር አጥፉ። ሸክላው ሙቀት ይይዛል። በራሱ ሙቀት የመጨረሻዎቹን ይጨርሳል። የመጨረሻው ትንሽ ከነጣ ለፍርፍር ነው።
7. ከዚያም በኋላ ምጣዱ ሙቅ ነው። ተልባ አምሱበት፣ ድርቆሽ አድርቁበት፣ ለልጆች ቂጣ ጣል አድርጉበት።

አክንባሎው ከምጣዱ ጋር ገጥሞ የማይዘጋ ከሆነ ለውጡት። በጎን በኩል እንፋሎት እንደ ቡና ጀበና ሲወጣ ካያችሁ የሚወጣው ገንዘባችሁ ነው። የአክንባሎ ዋጋ ከምጣዱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አዲስ ምጣድ ስትገዙ ደግሞ ከላይ ያለውን ቀለም ትታችሁ ስለ ሆዱ ጠይቁ። የሚያግለው ሽቦ ከሸክላው ሥር ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ታችም ይወርዳል። ከሽቦው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር ከሌለ ወለሉን ነው የምታሞቁት። እንደ ፋይበር ግላስ ያለ እሳት የማይበላው ነገር የተሞላ መሆኑን አረጋግጡ። ያላችሁ ምጣድ ባዶ ከሆነም ምጣድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከፍተው ሊሞሉላችሁ ይችላሉ። ሰጋቱራ፣ ወረቀት፣ ጨርቅ ግን በፍጹም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፦ የምትጋግሩበት ሰዓት። የመስመሩ ቮልት 220 መሆኑ ቀርቶ 180 ላይ ሲወርድ፣ 3.5 ኪሎዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2.3 ይወርዳል። የቮልቱ ቅናሽ ሲሶ እንኳ አይሞላም፣ የምጣዱ ጉልበት ግን በሲሶ ይቀንሳል። «እንግዲያው ቆጣቢ ሆነ» እንዳትሉ። ምጣዱ ለመጋል ብዙ ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅና በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙቀቱ በጎንና በሥር እየሸሸ ነው። እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ሰፈሩ ሁሉ ራት የሚሠራበትን ምሽት፣ በተለይም የበዓል ዋዜማን ሽሹት። ረፋዱ ላይ ጋግሩ። ስታቢላይዘራችሁ ላይ ቮልቱን ማየት ትችላላችሁ፤ ምጣዱን ግን ስታቢላይዘር ላይ እንዳትሰኩት። የቤት ስታቢላይዘር ያንን ሸክም አይችልም።

ስለ ሽቦው አንድ ነገር ልናገርና ምጣዱን እንተወው። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፒር ይስባል። ይህን ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ነው የሚችለው። እኔ አንድ ክረምት ምጣዱን ከሳሎን በኤክስቴንሽን ስቤ ጋገርኩ። ስምንተኛው እንጀራ ላይ የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ኤክስቴንሽኑ ምንጣፉ ላይ ቀልጦ ተጣብቆ ነበር። እግዜር ነው ያወጣን። ሶኬት ሲሞቅ ኃይል እየባከነ ነው፣ እሳትም እየተጠራ ነው። ጋግራችሁ ስትጨርሱ የሶኬቱን ፊት በእጃችሁ ጀርባ ዳሰስ አድርጉት። ከሞቀ ኤሌክትሪሺያን አስጠሩ።

የሻወር ውሃ ማሞቂያው

ብዙ ቤት ቀኑን ሙሉ እንደበራ ይውላል። ሃምሳ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ የግድ ነው። የግድ ያልሆነው፣ ማንም ሳይታጠብ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ራሱን መልሶ ማሞቁ ነው።

ማሞቂያው 1.5 ኪሎዋት ከሆነ ያንን ውሃ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ያደርሰዋል። ከመታጠባችሁ ያን ያህል ቀድማችሁ አብሩ፣ ቤተሰቡ ተከታትሎ ይታጠብ፣ ከዚያ አጥፉ። ጠዋት የሚረሳ ሰው ካለ፣ እኛ ቤት ወንድሜ አለ፣ በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ባለሙያ ይግጠምላችሁ። ሙቀቱን መወሰኛ ካለው 60 ይበቃዋል። 75 አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ መበረዝ ምን የሚሉት ሥራ ነው?

የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ ሰፈሮች ላይ ማሞቂያው ውስጥ ነጭ ቅራፊ ይጋገራል። ቅራፊ የለበሰ ማሞቂያ ያጉረመርማል፣ ለማሞቅም ይዘገያል። በዓመት አንዴ ብሬከሩን አጥፍቶ የሚያጥብላችሁ ሰው ጥሩ።

ባልዲና ጆግም አይናቁ። አሥር ሊትር ውሃ ለሰውነት እስኪመች ማሞቅ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በማንቆርቆሪያ አፍልቶ መበረዝ ይሻላል። በባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የማሞቂያ ሽቦ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሳትነቅሉት ጣታችሁን ውሃው ውስጥ እንዳትከቱ። ለልጆችም አትፍቀዱላቸው።

የራሳችሁ ጣሪያ ካላችሁ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አስቡበት። አዲስ አበባ ክረምቱን ትታችሁ ፀሐይ አታጣም።

ስቶቩና ድስቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ሁለት ነገር ከዚህ ይከተላል።

አንደኛው፣ ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን መጨመር ምንም አያፈጥንም። ውሃው ከ92 አያልፍም፤ የምታገኙት ብዙ እንፋሎት ብቻ ነው። ሲፈላ ዝቅ አድርጉትና ክደኑት።

ሁለተኛው፣ ፕሬሸር ኩከር ለኛ ከተማ የተሠራ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 በላይ ያወጣዋል። ማታ የተዘፈዘፈ ሽምብራ በሰዓታት የሚበስለው በደቂቃዎች ይሆናል። መዘፍዘፉን ራሱ እርሱት እንዳትሉ፤ ከሁሉ ርካሹ ቁጠባ እሱ ነው፣ ምንም አይሰካም።

የኛ ወጥ ጊዜ የሚፈጀው ቁሌቱ ላይ ነው። በየቀኑ ሁለት ራስ ሽንኩርት ከማቁላላት፣ ቅዳሜ አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት ሠርታችሁ በየዕቃው ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ሽሮውም ምስሩም ከዚያ ይነሳል። ስቶቩ ብረት ምድጃ ከሆነ ካጠፋችሁት በኋላም ደቂቃዎች ይሞቃል፤ ወጡ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አጥፉት። ሥሩ የጎበጠ ድስት ከብረቱ ጋር ስለማይገጥም ሙቀት አያገኝም፣ እሱን ለከሰል ተዉት። የሻይ ውሃ ጠዋት አንዴ አፍልቶ ፔርሙስ ውስጥ ማድረግን እናቶቻችን ቀድመውን ያውቁታል።

«በከሰል ልተካው» ለምትሉ፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይገድላል፣ ሽታም የለውም። በርና መስኮት ሳይከፈት ከሰል አይታሰብ።

ቀሪው ቶሎ ቶሎ

ካውያ፦ በየጠዋቱ አንድ ሸሚዝ አትተኩሱ። የሳምንቱን ሰብስባችሁ በአንድ ጊዜ ተኩሱ፤ ስስ ጨርቆቹን ካጠፋችሁት በኋላ በቀረው ሙቀት።

ፍሪጅ፦ በሩ ላይ አንድ የብር ኖት ይዛችሁ ዝጉት። ኖቱ ያለ ችግር ተስቦ ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ይቀየር። በረዶው የጣት ውፍረት ሳይደርስ አቅልጡት። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ ከስቶቩም አትጎዳኙት። ትኩስ ወጥ ሳይበርድ አይግባ።

አምፖል፦ የድሮው ባለ 60 ዋት አሁንም ካላችሁ በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ለውጡት። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት የነበረው ወደ 1.4 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ስለ አምፖል መጨቃጨቁን መተው ይቻላል። ይህን ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ አልተቀበለችኝም።

ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በሪሞት ብቻ ሲጠፉ አይተኙም። ሁለቱ አብረው 12 ዋት ቢስቡ በወር 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ለምንም ያልዋለ ወጪ ነው። ማታ ከሶኬቱ ይጥፉ።

ብርዱን በተመለከተ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማሞቂያ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት የበሩን ሥር እዩ። ማታ ሻማ አብርታችሁ በመስኮቱ ዙሪያ አዙሩ፣ መጋረጃውን ግን ሰብስቡት። ነበልባሉ የሚወዛወዝበት ቦታ ነፋስ አለ። ስፖንጅ ወይም የጎማ ማሸጊያ ለጥፉበት። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ የሌለው ቤት ማሞቂያ ቢያበሩበት ሰማዩን ማሞቅ ነው። ቆላ ላይ፣ ድሬዳዋም ሆነ ሰመራ ያላችሁ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ቆርቆሮውን ነጭ ቀቡት፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ በኩል ጥላ አብጁ። ቬንትሌተር 60 ዋት ገደማ ነው፣ ኤር ኮንዲሽነር ከአንድ ኪሎዋት ያልፋል።

ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ

በአንድ ግቢ ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲኖር የሁሉም ፍጆታ ስለሚደመር ሁሉም ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። ክፍያው በራስ ሲካፈል ደግሞ የሚቆጥበውም የማይቆጥበውም እኩል ይከፍላል። አከራይም ተቸግሮ «ምጣድ ክልክል ነው» ይላል።

ከመጣላት በፊት ንዑስ ቆጣሪ ጠይቁ። ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ባለሙያ ይግጠም። ወጪውን ከአከራዩ ጋር ተካፈሉ ወይም ከኪራይ ላይ እንዲታሰብ ተስማሙ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ተከራይም አከራይም ባሉበት ቁጥሩ ይነበብ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። የንዑሶቹ ድምር ከዋናው ቆጣሪ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱ የግቢው መብራት ወይም የውሃ ፓምፑ ነው፤ እሱን በራስ ተካፈሉት። ልዩነቱ ከዚያም ከበለጠ፣ የኔን የደረጃ አምፖል አስታውሱና መስመሩን ተከተሉ።